«እከክ ያለበት ሰው ውሃ ውስጥ አይገባም!»

ዋና እየወደደ ገንዳ የሚያሳክከው ሰው ምን ይሻለዋል?

እስቲ ውድ አንባቢያን፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልባችሁ የወደደውን ነገር ሰውነታችሁ እምቢ ብሎባችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ልቤ የወደደው ዋና ነው። ሰውነቴ እምቢ ያለው ደግሞ የመዋኛ ገንዳ ውሃ ነው። በዚህ የተነሳ ሰው ፊት ተዋርጃለሁ፣ የምወዳትን ጓደኛዬንም ላጣ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። በመጨረሻ ደግሞ ፈጽሞ ያልጠረጠርኩት ጉድ ከወደ አገሬ ብቅ አለ። ነገሩ ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ እነሆ ልናዘዝ።

ያደግኩት ካራቆሬ ነው። አዲስ አበቤ ካራቆሬ ሲሉት በጅማ መንገድ ያለው ሰፈር ነው ትዝ የሚለው። የኔዋ ሌላ ናት። በደሴ መንገድ ሸዋሮቢትን አልፋችሁ፣ አታዬንም አልፋችሁ የምታገኟት፣ በ1953 ዓ.ም. የመሬት መንቀጥቀጥ ስሟ የተነሳው ካራቆሬ ናት። የይፋት ቆላ እንግዲህ ቆላ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ታዲያ እኛ ልጆች ምን እናድርግ? ከትምህርት ቤት ደብተራችንን እንደያዝን በቀጥታ ወደ ወንዝ! ልብስ ድንጋይ ላይ፣ እኛ ውሃ ውስጥ። ዋና ያስተማረን ሰው የለም። እኔን ታላቅ ወንድሜ ገፍትሮ ከተተኝ፣ ላለመሞት ስል ዋኘሁ። ትምህርቱ ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ጀለሶቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ገንዳ እንሂድ ማለት ጀመሩ። እኔማ ደስታዬን አልቻልኩትም። «ዛሬ የይፋት ልጅ ዋና ያሳያችኋል» ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። እውነትም አሳየኋቸው። ከውሃው ስወጣ ግን ዓይኔ በርበሬ የገባበት መሰለ። ማስነጠስ ጀመርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ከአሥር በላይ ቆጠርኩ። ማታ ደግሞ አንገቴ፣ የክንዴ መታጠፊያና ብብቴ ሥር ቀይ ሽፍታ ወጣብኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳክክ አደርኩ።

ለእማዬ ስልክ ደውዬ ብነግራት «ምች ነው ልጄ፣ አብሽር፣ ዳማከሴ አሽተህ ተቀባው» አለችኝ። አክስቴ ዳማከሴውን ከጎረቤት ለምና አመጣችልኝ። እኔም አሸሁ፣ ተቀባሁ። ሽፍታው በሁለተኛው ቀን ጠፋ። ምች ነበር ማለት ነው ብዬ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ ገባሁ። ተመልሶ ወጣብኝ!

በአራተኛው ቅዳሜ የሆነውን ግን አልረሳውም። ገንዳ ዳር ቆሜ ክንዴን ሳክክ አንዲት እናት አየችኝና ልጇን ከውሃው ጎትታ አወጣች። ከዚያ አስተናጋጁን ጠርታ በጆሮው አንሾካሾከች። እሱ ግን ማንሾካሾክ አያውቅም። ሕዝብ በሞላበት «ወንድም፣ እከክ ያለበት ሰው ውሃ ውስጥ አይገባም!» ብሎ ጮኸ። እናንተዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ልብሴን ለብሼ ወጣሁ። ጀለሶቼ ሲደውሉ «ሥራ አለኝ»፣ «ራሴን አሞኛል» እያልኩ ሦስት ወር ከገንዳ ራቅሁ።

ሁለታችንም አፍረን ነበር

ከሦስት ወር በኋላ እምቢ ማለቱ ሲሰለቸኝ አብሬያቸው ሄድኩ፤ ነገር ግን ልብሴን ሳላወልቅ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። የዚያን ቀን የሄድንበት ገንዳ ጣሪያ ያለው ነበር። በሩን ስንገባ የበረኪና ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። አንዷ ጓደኛችን «እንዴት ንጹህ ነው፣ ሽታው ራሱ ይናገራል» አለች። ልብ በሉልኝ፣ በዚህ አባባሏ እመለስበታለሁ።

ይህቺው ልጅ ስትዋኝ ሁሌ ታስላለች። «ጉንፋን ነው» ብላ ትስቃለች። ያን ቀን ገንዳው መሐል ስትደርስ ቆመች። እጇ ገመዱን ጨብጧል። አትጮህም፣ አትጠራም፣ ዝም ብላ ታየኛለች። ትከሻዋ ግን ከፍ ዝቅ ይላል። ያኔ ገባኝ፤ ለመጮኽ የሚሆን አየር የላትም! ከነጫማዬ ገባሁ። ጎትቼ ሳወጣት ደረቷ እንደ ፉጨት ይጮኻል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። በጣቷ ወደ ልብስ መቀየሪያው አመለከተች። ቦርሳዋ ውስጥ፣ በተቆለፈ ሳጥን፣ በአፍ የሚነፋ የአስም መድኃኒት ነበራት። ሁለት ዓመት ስንተዋወቅ አስም እንዳለባት አንዳችንም አናውቅም ነበር!

መድኃኒቱን ከነፋች በኋላ ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ፤ ከዚያ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ማታ ላይ «ለምን ደብቀሽን?» ብላት «አንተስ ለምን ልብስህን አታወልቅም?» ብላ መለሰችልኝ። መልስ አጣሁ። እሷ በመድኃኒቷ አፍራ፣ እኔ በቆዳዬ አፍሬ፣ ሁለታችንም ዝም ብለን ለጥቂት ነበር። በማግስቱ ሁለታችንም ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ያዝን። እሷ ወደ አስም ሐኪም፣ እኔ ወደ ቆዳ ሐኪም።

ጥፋቱ የማነው? የክሎሪን ወይስ የኛ?

ሐኪሙ ሽፍታውን በመስተዋት አየና «እከክ አይደለም» አለኝ። በዚያች ቅጽበት ብስመው ደስ ባለኝ! ቀጥሎ ያስረዳኝን በቀላል አማርኛ ላቅርብላችሁ።

ብዙ ሰው «ለክሎሪን አለርጂ አለብኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ እውነተኛ አለርጂ ሳይሆን የቆዳ መቆጣት ነው። ክሎሪን ጀርም ይገድላል፤ የቆዳን የተፈጥሮ ቅባትም አብሮ ያጥባል። ቅባቱ የተገፈፈ ቆዳ ይደርቃል፣ ይቀላል፣ ያሳክካል። በተለይ እንደኔ በልጅነቱ ችፌ የነበረበት ሰው ቶሎ ይጠቃል።

ዓይንና አፍንጫን የሚያቃጥለው ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ክሎሪን ከላብ፣ ከሽንት፣ ከምራቅና ከቅባት ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል። ያ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ሽታ የክሎራሚን ሽታ ነው። ከውሃው ተኖ ልክ ዋናተኛው በሚተነፍስበት ቦታ፣ ውሃው ላይ ያንዣብባል። ጣሪያ ባለው ገንዳ መውጫ ስለሚያጣ ይባስ ይከማቻል። አያችሁ? ጓደኛዬ «ሽታው ንጽህናውን ይናገራል» ያለችው ተገላቢጦሽ ነው። በደንብ የተያዘ ገንዳ ያን ያህል አይሸትም። ሽታው የሚናገረው ሰው ሳይታጠብ እንደገባና ውስጥ እንደሸና ነው። በግልጽ እንነጋገር ከተባለ፣ አብዛኛውን መዘዝ ይዘን የምንገባው እኛው ነን!

የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) የገንዳ ውሃ በሊትር ቢያንስ 1 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን እንዲኖረው፣ ፒኤች የሚባለው ልኩም ከ7.0 እስከ 7.8 እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ የገንዳውን ሠራተኛ «ዛሬ ውሃውን ለካችሁት?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የሚለካ ገንዳ መልስ አያጣም።

የናንተ የትኛው ነው?

ማሳከክ ሁሉ አንድ አይደለም። ሐኪሙ የነገረኝን ለይታችሁ እዩት።

ሽፍታው ዓይን ዙሪያ የመነጽሩን ቅርጽ፣ ወይም ግንባር ላይ የኮፍያውን መስመር ተከትሎ ከወጣ፣ ተጠርጣሪው ውሃው ሳይሆን ጎማው ነው። ከሲሊኮን የተሠራ መነጽርና ኮፍያ ቀይሮ መሞከር ነው።

ከዋና በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት ውስጥ፣ በተለይ የዋና ልብሱ በሸፈነው ቦታ፣ መግል የያዙ ትንንሽ ብጉሮች ከወጡ፣ የፀጉር ሥር በባክቴሪያ ተመርዞ ሊሆን ይችላል። ይህ በደንብ ያልታከመ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከቆዩ በኋላ የሚመጣ ነው። እርጥቡን የዋና ልብስ ቶሎ ማውለቅ ይረዳል።

እንደ ሶደሬና ወንዶ ገነት ባሉ ፍል ውሃዎች ሲሞቃችሁ ነጠብጣብ የመሰለ የሚያሳክክ ሽፍታ ወጥቶ ሲቀዘቅዛችሁ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ፣ ሰውነታችሁ የተቆጣው በሙቀቱ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ቅዝቃዜ የሚያስቆጣው ቆዳ ነው። አንዳንድ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ሰውነቱ ትንኝ እንደፈጀው ያብጣል። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ጊዜ ዘሎ ቀዝቃዛ ገንዳ ውስጥ ቢገባ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስትና ሊሰምጥ ይችላል። በጠዋት በቀዝቃዛ ውሃ ስትታጠቡ የምታብጡ ካላችሁ፣ ለሐኪም ሳትነግሩ ዘላችሁ አትግቡ። ሐኪሙ ክንድ ላይ በረዶ አስቀምጦ ይፈትናል።

ደግሞም ጭርትና እከክ የሚባሉት እውነተኛ ተላላፊዎች አሉ። ያ አስተናጋጅ የጮኸበት መንገድ ነው እንጂ ፍርሃቱስ ከመሬት አልተነሳም። ስለዚህ በግምት ከመኖር መታየት ይሻላል። አዲስ አበባ ላላችሁ የአለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

እኔ አሁን የማደርገው

ሐኪሙ «ዋና ተው» አላለኝም። እንዲህ አድርግ አለኝ፤ እኔም አደረግሁ።

ከመግባቴ በፊት በንጹህ ውሃ እታጠባለሁ። 1 ደቂቃ እንኳን መታጠብ ገላ ላይ ያለውን ላብና ቆሻሻ አብዛኛውን ያስወግዳል። ሌላም ጥቅም አለው፤ ንጹህ ውሃ የጠጣ ቆዳና ፀጉር የገንዳውን ውሃ እንደ ደረቁ አይመጥም። እህቶቼ አትቀየሙኝ፣ ቅቤ የተቀባ ፀጉር ይዞ ገንዳ መግባት ግን ለራስም ለሰውም አይሆንም። ቀድሞ መታጠብ፣ ከዚያ ኮፍያ። ቶሎ በሚቆጣው ቦታ፣ ለምሳሌ ክንዴ መታጠፊያ ላይ፣ ቫዝሊን በጣም ስስ አድርጌ እቀባለሁ።

ውሃ ውስጥ መነጽር አደርጋለሁ። መጀመሪያ ላይ የቆየሁት ከ20 ደቂቃ አይበልጥም ነበር፤ እያየሁ ጨመርኩ። ከተቻለ ጣሪያ የሌለው፣ ነፋስ የሚገባበት ገንዳ እመርጣለሁ። የሰው ብዛት ከበዛም ቀኑን እቀይራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓትን ትቼ በሥራ ቀን ጠዋት መሄድ ብቻውን ግማሽ መድኃኒት ሆኖልኛል።

ስወጣ ወዲያው እታጠባለሁ፤ ለብ ባለ ውሃና ሽታው ባልበዛ ሳሙና። ፎጣውን አላሽም፣ አስነካዋለሁ እንጂ። ቆዳዬ ገና እርጥበት እያለው ቫዝሊን ወይም ሽቶ የሌለው ቅባት እቀባለሁ። የዋና ልብሴንም በንጹህ ውሃ አለቀልቃለሁ።

መድኃኒትን በተመለከተ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ማሳከክ ለማስታገስ የሚሰጡት እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉት የቆዩ ክኒኖች እንቅልፍ ያመጣሉ። እነሱን ውጦ ገንዳ መግባት ሰክሮ መኪና እንደመንዳት ነው። እንደ ሴትሪዚንና ሎራታዲን ያሉት የማስተኛት ኃይላቸው ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ሰው ይለያያል፣ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ «ጓደኛዬን አሽሎታል» ተብሎ ከፋርማሲ የሚገዛው ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ያለ ሐኪም ትዕዛዝ፣ በተለይ ፊት ላይ፣ አይቀባ። ለጊዜው ያጠፋዋል፤ ሲቆይ ግን ቆዳ ያሳሳል። ጭርት ከሆነ ደግሞ ያባብሰዋል።

አስም ያለባችሁም ዋና ተከልክላችኋል ማለት አይደለም። ዋና ለአስመኛ ከሚመከሩ ስፖርቶች አንዱ ነው፣ አየሩ እርጥበት ስላለው። ነገር ግን መድኃኒቱ ገንዳው ዳር፣ ሰው በሚያውቀው ቦታ ይሁን። ጓደኛዬ አሁን ፎጣዋ ላይ አስቀምጣ «ይህቺን አያችኋት? ካልኩ አቀብሉኝ» ትለናለች። ሽታው አፍንጫ ከሰነጠቀ ደግሞ ገንዘባችን ይቅርብን ብለን እንመለሳለን።

ቀልድ የሌለበት ምልክት

ከንፈር፣ ምላስ ወይም ዓይን ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ደረት ካፏጨ፣ ራስ ካዞረ ወይም ሽፍታው በደቂቃዎች ውስጥ ሰውነት ካዳረሰ «ትንሽ ልይ» አይባልም። ወዲያው ከውሃ መውጣት፣ ብቻ አለመሆን፣ ወደ ቅርብ ሆስፒታል መሮጥ ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። እንዲህ ላለው ድንገተኛ አለርጂ ሐኪም ቤት አድሬናሊን ይወጋል። ዳማከሴ ይህንን አያስቆምም።

ያልጠረጠርኩት ጉድ

አሁን ወደ አገሬ ልመለስ። ሐኪሙ «የት ነው ያደግኸው?» አለኝ። «ካራቆሬ» አልኩት። «ወንዝ ትዋኝ ነበር?» «እንዴታ! ዶክተር፣ እሱኮ አንድም ቀን አላሳከከኝም» አልኩ በኩራት። ሳቀና የሰገራ ምርመራ አዘዘልኝ። ለእጄ ማሳከክ የሰገራ ምርመራ? ገረመኝ። ውጤቱ ሲመጣ ግን ሳቁ ወደኔ አልተሻገረም። የአንጀት ቢልሃርዝያ ተገኘብኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሸዋሮቢት እስከ ከሚሴ ያለው ቆላ ቢልሃርዝያ የታወቀበት አገር ነው። በሽታው በወንዝና በመስኖ ውሃ ውስጥ ካሉ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ይነሳል። ከነሱ የሚወጣው፣ በዓይን የማይታይ ትል ፀሐይ በበረታበት ሰዓት፣ ማለትም እኛ ከትምህርት ቤት ስንሮጥ በነበረበት ሰዓት በብዛት ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፤ በደህና ቆዳ በኩል ይገባል። አንዳንዱን ሰው ጥቂት ያሳክከዋል፣ ብዙውን ግን ምንም አይለው። ዓመታት ከቆየ ጉበት ይጎዳል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ በክብደት ተሰልቶ ይሰጣል። ውጬ ዳንኩ።

አያችሁ የነገር ተገላቢጦሽ! ያሳከከኝ ውሃ የከፋ ጉዳት አላደረሰብኝም። ምንም ያላሳከከኝ፣ «ወዳጄ» ያልኩት ውሃ ነበር ውስጤ የገባው። ስረግመው የኖርኩት ክሎሪን ደግሞ ያንን ትል ይገድላል።

ያን ማታ ለእማዬ ደወልኩ። ታናሽ ወንድሜ አሁንም ወንዝ አይጠፋም። «እማ፣ ጤና ጣቢያ ውሰጂልኝ» አልኳት። «ውሃ ደግሞ ሰው ያማል እንዴ? አያቶችህ የዋኙበት ነው» አለች። ያኔ የእንዶዱን ታሪክ ነገርኳት። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያም እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጠ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለመበት። እማዬ ትንሽ ዝም አለችና «እኔም በእንዶድ ሳጥብ ኖሬ!» አለች። ቀጥላ «በል እሺ፣ ሰኞ እወስደዋለሁ» አለችኝ። ወሰደችው። እሱም ተገኝቶበት ታከመ።

ባለፈው ቅዳሜ ያው ገንዳ ሄድኩ። ክንዴ ላይ ትንሽ ቅላት ነበር። ያ አስተናጋጅ ትክ ብሎ አየኝ። ሳይናገር ቀደምኩትና «ወንድሜ፣ ታይቻለሁ፣ አይተላለፍም፤ ይልቅ እነዚያ ልጆች ሳይታጠቡ እየገቡ ነው» አልኩት። ዞር ብሎ አየና ጮኸባቸው። ድምፁ ያው ነው። አሁን ግን ለትክክለኛው ነገር ዋለ!

እናንተም እንዲሁ። የሚያሳክካችሁን አትደብቁ፣ መድኃኒታችሁን አትቆልፉበት፣ ከመግባታችሁ በፊት ታጠቡ፣ ውሃ ውስጥም (ይቅርታና) አትሽኑ። ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!